የሰፈሩ ሁሉ ቀጠሮ በኔ ስልክ

እርጉዝ መሆኔን የሰማሁት ጢሜን ስላጭ ነው። አንዱ ጉንጬ ተላጭቶ ሌላው በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ስልኬ ጮኸ። አነሳሁት። ሸረፊያ ከሚባል የጅዳ ሰፈር፣ ከአንድ ክሊኒክ ነው።

«ፋጡማ?» አለች አንዲት ሴት በዐረብኛ። «የእርግዝና ክትትልሽ ትናንት ነበር፤ ቀረሽ። ደህና ነሽ ወይ?»

እኔ በጋዜጠኝነት ሥራ ፀጉሬን ያሸበትኩ ሰው ነኝ። ከጅዳ ሆኜ አዲስ አበባ ለሚታተም ጋዜጣ ዘገባ እልካለሁ። ጎርፍ ዘግቤያለሁ፣ እሳት ዘግቤያለሁ፣ ሁለት ባለሥልጣናት በአንድ ማይክሮፎን ሲጣሉ መሐል ቆሜ ዘግቤያለሁ፤ አንድም ቀን ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ስለዚህ አሁንም አልደነገጥኩም። መጀመሪያ መረጃውን አጣራሁ። መስታወቱን አየሁ፤ ሆዴንም አየሁ። ሆዴ ትንሽ ያጠራጥራል።

«እኔ ፋጡማ አይደለሁም፤ እርጉዝም አይደለሁም» አልኳት። «ሁለቱንም ከምንጩ አረጋግጫለሁ።»

«ስልኩ ግን ያንተ ነው» አለች።

ይህን ልክድ አልቻልኩም።

ነገሩ የጀመረው በጎረቤቴ በጀማል ነው። የምኖረው ሰቢል ነው፤ ሰቢል ማለት አንዱ ቤት ሲያነጥስ ሌላው ቤት «ይማርህ» የሚልበት ሰፈር ነው። ጀማል የወሎ ልጅ ነው፤ ዛሬ ቀለም ይቀባል፣ ነገ ዕቃ ይጭናል፣ ከነገ ወዲያ የጫነውን ዕቃ ቀለም ይቀባል። ወገቡን አሞት ክሊኒክ ሲሄድ ዐረብኛዬ ከሱ ስለሚሻል አብሬው ሄድኩ። መዝጋቢዋ ስልክ ቁጥር ስትጠይቀው ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ። የሱ ሲም ካርድ ዕድሜው ከቲማቲም ያጥራል። ደግሞም የማያውቀው ቁጥር ከደወለ አያነሳም። ያገሬ ልጆች እዚህ እንግዳ ቁጥር ሲያዩ «ከፊሌ፣ አሠሪዬ ነው» ብለው ስልኩን ትራስ ሥር ይቀብሩታል። እኔ ግን ጋዜጠኛ ነኝ፤ የማላውቀው ቁጥር እንጀራዬ ነው። ቁጥሬን ሰጠሁ።

ጀማል ቶሎ ቀጠሮ አገኘ፤ ወገቡም ተሻለው። ሰፈር ሲመለስ ያወራው ግን ስለ ሐኪሙም ስለ መድኃኒቱም አልነበረም።

«የጋሼ ቁጥር ገር ነው» አለ። «ያንን ቁጥር ሲያዩ ወዲያው ነው የሚቀጥሩህ። ወላሂ!»

እጁ ገር የሆነ ወጌሻ አውቃለሁ፤ እግሩ ገር የሆነ እንግዳም ሰምቻለሁ። ገር የሆነ ስልክ ቁጥር ግን ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው። ወሬ ካማረ ምስክር አይጠየቅም፤ ከሰቢል ሸረፊያ፣ ከሸረፊያ መካ ተዳረሰ። ጥርስ ያመመው፣ ጨጓራ የላጠው፣ ያረገዘች፣ ሁሉም ቁጥሬን እንደ ክታብ ይዞ ክሊኒኩ በር ላይ ተሰለፈ።

የደወለችልኝ ሴት ሲስተር አማል ትባላለች፤ ሱዳናዊት ነርስ ናት። የክሊኒኩ ሙዲር፣ ማለትም ኃላፊው፣ ባዶ ወንበር ባየ ቁጥር ደም ግፊቱ የሚነሳ ሰው ነው። ሐኪሙ ተቀምጦ፣ መብራቱ በርቶ፣ የተቀጠረው ሐበሻ የለም። ለሲስተር አማል «በሽተኞቹ በቀጠሯቸው ቀን እንዲመጡ አድርጊ» ብሎ አዘዛት። እሷም ብልህ ናትና ከቀጠሮው በፊት ለእያንዳንዱ ሐበሻ እየደወለች ማስታወስ ጀመረች። ለእያንዳንዱ ሐበሻ ስትደውል የሚያነሳው እኔ ነኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ቁጥሩን ይቀይር ነበር። እኔ ግን የተነገረኝን መልእክት ሳላደርስ መተኛት አልችልም፤ የሙያ በሽታ ነው። «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት» እያልኩ ከሲስተር አማል እቀበላለሁ፤ ከዚያ ሰቢልን በእግሬ፣ መካን በስልክ አዳርሳለሁ። «መሐመድ የሚባል ሰው ነገ ጠዋት ጥርስ አለበት» ስል መሐመድ የማይባል ሰው አላገኘሁም። አንዱ በደስታ «እኔ ነኝ!» ብሎ ሄደ። ሐኪሙ አፉን ከፍቶ አየው፤ ጥርሶቹ ምንም የላቸውም። ያ መሐመድ እስከ ዛሬ በሰፈሩ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል፤ በሐኪም የተመሰከረለት ጥርስ ያለው ብቸኛ ሰው ነው። ጥርሱን ያመመው መሐመድ ግን፣ ለካ መካ ነበርና፣ ቅርንፉድ እየነከሰ ቀረ።

መልእክቱ በትክክል ሲደርስ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። «ትሄዳለህ?» ብዬ ስጠይቅ ሁሉም «ኢንሻአላህ» ይለኛል። ቃሉ አንድ ነው፤ አፉ ግን ይለያያል። አጭርና ቆረጥ ያለ ኢንሻአላህ የሚሄድ ሰው ነው። መጨረሻው ላይ የሚጎተት ከሆነ ሰውየው ዘግይቶ ይደርሳል። ከረጅም ትንፋሽ ጋር ጣሪያ እየታየ የተባለ እንደሆነ ግን ሐኪሙ ሻዩን ይጠጣ። ይህን ትንታኔ ለሲስተር አማል ብነግራት፣ «አንተ ክርስቲያን ሆነህ ኢንሻአላህ ልታስተምረኝ ነው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ግን ስትደውል «የትኛው ነው ያለህ?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር።

ለምን እንደሚቀሩም አጣራሁ። አንዱ በዚያ ጠዋት የቀን ሥራ አግኝቷል። አንዷን ማዳሟ፣ አሠሪዋ፣ አልለቀቀቻትም። የብዙዎቹ መልስ ግን «ተሻለኝ» ነው። ሕመም የቀጠሮውን ቀን ሲሰማ፣ ፖሊስ እንዳየ ሌባ ይሸሻል፤ ቀጠሮው ባለፈ ማግስት ተመልሶ ይመጣል። በኛ ሰዓት ሦስት ሲሆን በነሱ ዘጠኝ ስለመሆኑ ደግሞ አላነሳም። እሱ ትንሹ ችግር ነበር።

እንዲህ እንዳለሁ እትዬ ሙሚና መጡ። መጡ ስል በስልክ ነው። የጀማል አክስት ናቸው፤ መካ፣ ነካሳ ሰፈር ዳገቱ ላይ ሳንቡሳ እየጠበሱ ይኖራሉ። መካ ሙስሊም ላልሆነ ሰው የተከለከለች ናትና እኔ ልሄድ አልችልም፤ ስለዚህ ተያይተን አናውቅም። የምንተዋወቀው በድምፅ ነው።

«ልጄ፣ የኔ ሸጋ፣ አብሽር፣ አይዞህ!» ይሉኛል ስደውል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ «ልጄ» የሚለኝ ሌላ ሰው ስላልነበረኝ ነገሩን አላረምኩም። ጋዜጠኛ ስሕተት ማረም አለበት፤ ይህቺን ግን ዝም አልኩ።

እትዬ ሙሚና ሁለቱንም ዓይናቸውን የዓይን ሞራ ጋርዷቸዋል። ሰው ሳላይ አልፌ እንዳላስቀይም ብለው የሚንቀሳቀሰውንም የማይንቀሳቀሰውንም ሰላም ይላሉ። አንድ ቀን በር ላይ የተቀመጠ የውሃ በርሜልን ሰላም ብለው፣ ዝም ሲላቸው ጊዜ ተቀይመው ገብተዋል። በርሜሉንም ለጎረቤት ከሰውታል።

ይህ ሁሉ ያስቃል፤ አንድ ነገር ግን አያስቅም። ልጃቸው ሐያት ኮምቦልቻ ልታገባ ነው። እትዬ ሙሚና ወረቀታቸው ስላልተስተካከለ መሄድ አይችሉም፤ ልጅቱን ትተዋት የመጡት ገና የጡት ጥርሷ ሳይነቀል ነው። ሠርጉን በስልክ ቪዲዮ ያሳዩዎታል ተብለዋል። «ልጄ፣ ሲደውሉልኝ ስክሪኑ ላይ ነጭ ነገር አያለሁ» አሉኝ። «ያ ነጭ ነገር ልጄ ትሁን ግድግዳው ትሁን አላውቅም። እንደው ለይቼ ‹ማሻአላህ› ብላት!»

ዓይናቸውን ለማስቀደድ ሁለት ጊዜ ተቀጥረው ሁለቴም ቀርተዋል። የመጀመሪያውን ቀን ተራቸውን ለሌላ ሰው ሰጡት። ሰፈራቸው አንዲት ልጅ ዓይኔን አመመኝ ብላ ስታለቅስ ሰሙና፣ «የሷ ይብሳል፤ በኔ ፈንታ ትግባ» ብለው ላኳት። ክሊኒክ ውስጥ ተራ እንደ ውሃ ወረፋ የሚሰጥ መስሏቸው ነበር። ልጅቱ ሄዳ «ሙሚና ነኝ» ብትል፣ ሲስተር አማል የሃያ ዓመት ሙሚና አይታ አታውቅም፤ መለሰቻት። በሁለተኛው ቀን ደግሞ የጎረቤታቸው እናት አገር ቤት ማረፋቸው ተሰማ።

«ለቅሶ ትቼ ዓይኔን ልታይ ልሂድ?» አሉኝ። «ከዚያ በዳነው ዓይኔ ጎረቤቴን እንዴት አድርጌ ላያት ነው?»

ቃላቸውን ለሲስተር አማል አደረስኩ። እሷ ግን መልስ ነበራት። «ያ ኡስታዝ፣ የቤቱን ሕግ ታውቃለህ። ሦስተኛ ከቀረች ፋይሏ ይዘጋል፤ እንደ አዲስ ወረፋ ትይዛለች። እስከዚያ ድረስ ልጇ አግብታ የልጅ ልጅ ታሳቅፋታለች። ኸላስ!»

ሠርጉ ቀርቧል። ስለዚህ ለሦስተኛው ቀጠሮ ሙሉ ኃላፊነቱን ወሰድኩ። ጀማልን ከዋዜማው መካ ላክሁት፤ እኔ በጠዋት ሸረፊያ ክሊኒኩ በር ላይ ተገኘሁ። ቀጠሮው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ የዓይን ሐኪሙ ለዙህር፣ ለቀትር ሶላት ሲወጣ በዚያው ይሄዳል። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ደወልኩ።

«እትዬ፣ የት ደረሱ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ጅዳ ገብተናል፤ እየመጣን ነው።»

«እየመጣን? ስንት ናችሁ?»

«ኧረ ብዙ አይደለንም። ሚኒባሷ ሞላች እንጂ።»

ለካ ነካሳ ውስጥ ሰው ለቀዶ ሕክምና ብቻውን ሲሄድ ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው። አንዷ ልታስታምም፣ አንዷ ዱዓ ልታደርግ፣ አንዱ መንገድ አውቃለሁ ብሎ፣ ሌላው ሚኒባሱ ውስጥ ቦታ አየሁ ብሎ፣ ሁሉም ወጥቷል፤ እትዬ ስማቸውን አንድ በአንድ ጠሩልኝ። ቢሆንም ጅዳ ገብተዋልና ተመስገን ብዬ ጠበቅሁ። አራት ሰዓት ሆነ። የሉም። ደግሜ ደወልኩ። ጀማል አነሳ፤ ከበስተጀርባው እልልታ ይሰማል።

«ጀማል፣ ይሄ ምንድነው?»

«ጋሼ፣ ፋጡማ ወለደች!»

ያቺ በኔ ስልክ የተመዘገበችው ፋጡማ። እኔ ሳልሰማ ወልጃለሁ ማለት ነው።

«እሰይ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት! ታዲያ እናንተ እዚያ ምን ትሠራላችሁ?»

«ቤቷ መንገድ ላይ ሆነብን። እትዬ ሙሚና ‹አራስ ቤት በር ላይ ታልፎ አይኬድም› አሉ። ገንፎው እየተገነፋ ነው።»

ባለታሪኳን አቅርብልኝ አልኩት። እትዬ ሙሚና መጡ። «እትዬ፣ ሐኪሙ ሊሄድ ነው!» ብላቸው፣ «ልጄ፣ አብሽር፣ የኔ ነገር ይደርሳል። የቀረበ ገንፎ ጥሎ መውጣት አራሷን ማስቀየም ነው። ትንሽ ቀምሰን እንመጣለን፣ ኢንሻ...አላህ» አሉኝ።

ትንፋሹን ሰማሁት። ጣሪያውን ቀና ብለው ሲያዩትም የሰማሁ መሰለኝ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ታየኝ። እኚህ ሴት ለራሳቸው ጉዳይ አይቸኩሉም። ለቅሶ፣ አራስ፣ የሰው ዓይን፣ ሁሉም ከሳቸው ይቀድማል። ሚኒባሱን የሞሉት ሰዎችስ? ሁሉም የራሳቸውን ቀጠሮ የቀሩ ናቸው፤ ራሴ ነኝ መልእክቱን ያደረስኩላቸው። ለራሳቸው ቀጠሮ ያልመጡ ሰዎች ለሰው ቀጠሮ ከመካ ድረስ ተሳፍረዋል። እንግዲያው ከገንፎው የሚያስነሳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላ የታመመ ሰው።

«ታምሜያለሁ ልበላቸው?» አልኩ ለራሴ። ግን ውሸት ነው፤ እኔ ደግሞ ያላረጋገጥኩትን አልናገርም። ከእግር ጥፍሬ ጀምሬ ራሴን መረመርኩ። ጉልበቴ ደህና፣ ሆዴ ከፋጡማ ጉዳይ ወዲህ ደህና፣ ልቤ ደህና። ምላሴ መንጋጋዬ ላይ ሲደርስ ቆመ። ለወራት ሲጠዘጥዘኝ የኖረ ጥርስ አለኝ።

«ሲስተር» አልኳት ለአማል፣ «ጥርሴን አሞኛል ማለት እችላለሁ?»

ኮምፒውተሯን አየችና ቀና ብላ አየችኝ። «አንተም እኮ የጥርስ ቀጠሮ ነበረህ። ቀርተሃል።»

«እኔ? አልደወልሽልኝም!»

«ደውያለሁ። ስምህን ነገርኩህ፣ ሰዓቱን ነገርኩህ። ‹እሺ፣ እነግረዋለሁ› ብለህ ዘጋኸው።»

ለክብሬ ስል እዚህ ላይ አንድ አንቀጽ እዘላለሁ።

መረጃው ከሁለት ምንጭ ተረጋግጧል፤ ከጥርሴና ከኮምፒውተሩ። ደወልኩ።

«እትዬ፣ ክሊኒክ ነኝ። ጥርሴን አሞኛል።»

«ውይ ልጄ! ማን አለ ካንተ ጋር?»

«ማንም የለም። ብቻዬን ነኝ።»

እልልታው ቆመ።

«ብቻህን?» አሉ። «ያ ረቢ! በሰው አገር ታሞ ብቻውን! ተነሡ! ጀማል፣ ጫማዬን! ገንፎውን በሳህን አድርጉልኝ፣ እሱም ይቀምሳል! ፋጡማ፣ አፉ በይኝ የኔ እናት፣ ሰው ታሞብኛል!»

ዕቃ ሲንኮሻኮሽ፣ በር ሲገጭ፣ ሞተር ሲነሳ ሰማሁ። ስልኩን መዝጋት እንኳ ረስተውት ነበርና የጅዳን መንገድ ሁሉ አብሬያቸው ተጓዝኩ። ነጂው ቀይ መብራት ላይ ሲቆም፣ «አንተ፣ ሰውዬው እኮ ብቻውን ነው!» እያሉ ይጮሁበታል።

ሚኒባሱ ክሊኒኩ በር ላይ ሲቆም ዙህር አልደረሰም ነበር። በሩ ተከፈተና ነካሳ ወረደ። ከፊት ከፊት በጀማል እጅ የተያዙ፣ ጠይምና ደቃቃ ሴት፣ በሩ ላይ የቆመውን ማስታወቂያ ሰሌዳ «አሰላሙ ዐለይኩም» ብለው አለፉ። ሲስተር አማል እጃቸውን ያዘችና ቀጥታ ወደ ውስጥ ይዛቸው ገባች።

«ቆዪ ልጄ፣ መጀመሪያ የታመመውን!» እያሉ ገቡ።

የቀሩት ከበቡኝ። አንዷ ግንባሬን ዳሰሰች፤ አንዱ እንዳልወድቅ ከኋላ ደገፈኝ፤ ጥርሱን ላመመው ሰው የሚቀርብ ይመስል ቅቤ የዋኘበት ትኩስ ገንፎ አፍንጫዬ ሥር ተገኘ። «እኔ ደህና ነኝ፤ ዋናው እሳቸው እስኪገቡ ነበር» ብል ማን ይሰማኛል!

«ሲፈራ ነው» አለ ጀማል። «ወንድ ልጅ ጥርስ ላይ ሲደርስ እንዲህ ነው። ያላ፣ አንሡት!»

ተነሣሁ ማለት አልችልም፤ አነሡኝ። የጥርስ ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ግማሹ ሚኒባስ አብሮ ገባ። ሐኪሙ ጉጠቱን ሲያነሳ ዱዓው ከፍ አለ፤ ጥርሴ ሲወጣ «አላሁ አክበር!» ተባለ፤ ሐኪሙ ግን ገና አንድ መጥፎ ጥርስ ይቀራል አለ። ጎርፍ ውስጥ ቆሜ የዘገብኩ ሰው እዚያ ወንበር ላይ አንዲት ቃል አመለጠችኝ። አልደግማትም።

ስወጣ ሲስተር አማል ሥራ ላይ ነበረች። አጃቢዎቹን አንድ በአንድ እያየች ታውቃቸዋለች፤ «አንተ ወገብ አይደለህም? ግባ! አንቺ ጨጓራ! አንተ ያ የቀረኸው ጥርስ፣ መሐመድ!» ቅርንፉዱ መሐመድ በመጨረሻ ተገኘ። ከምሳ በፊት በክሊኒኩ አንድም ባዶ ወንበር አልነበረም። ሙዲሩ ከቢሮው ወጥቶ ሰውን አየ፣ ተመልሶ ገባ፣ እንደገና ወጥቶ አየ።

በማግስቱ የእትዬ ሙሚና የአንድ ዓይናቸው ፋሻ ሲፈታ እኔ ፊት ለፊት ቆሜያለሁ፤ ጉንጬ አብጦ ሎሚ አክሏል። ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ። ግድግዳውን አዩ። ሲስተር አማልን አዩና «አንቺ ደሞ እንዴት ታምሪያለሽ!» አሉ። ከዚያ እኔ ላይ ደረሱ።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

ድምፄን ሰሙ። ፊቴን አዩ። ፀጉሬን አዩ፤ ጠጋ ብለው ደግመው አዩት።

«አንተ ነህ?» አሉ። «አንተ! ስንት ወር ሙሉ ‹ልጄ፣ ልጄ› ስልህ ዝም ትላለህ? እኔኮ ድምፅህን ሰምቼ፣ እንዴት ያለ ሸጋ ጎረምሳ ነው፣ ሚስት እፈልግለታለሁ ብዬ አስብ ነበር። ሽበታም ኖረሃል!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጉንጬ እያመመኝ እኔም ሳቅሁ።

ሠርጉን መካ ቢያዩት እኔ መገኘት ስለማልችል፣ «ሰቢል፣ ጀማል ክፍል እናየዋለን» ብለው ወሰኑ። የጀማል ክፍል ለአራት ሰው ትጠባለች፤ ያን ቀን ስንት እንደነበርን አልቆጠርኩም፤ አንድ እግሬ ብቻ ውስጥ ነበር። ስልኩ ጮኸ። እትዬ ሙሚና ያዙት። ስክሪኑ ላይ ነጭ ነገር መጣ። ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን።

እትዬ ሙሚና በጣታቸው ስክሪኑን ቀስ ብለው ዳሰሱት።

«የአባቷ ቅንድብ» አሉ። «ሐያቴ፣ ማሻአላህ። አየሁሽ። አይቼሻለሁ እኮ!»

ወዲያ ማዶ ልጅቱ አለቀሰች፤ ወዲህ ማዶ ሰቢል በእልልታ ተንቀጠቀጠ። እልልታው ሲበርድ እትዬ ሙሚና ስልኩን ወደ ዓይናቸው ጠጋ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«እንደው ይሄ ሙሽራው... ጆሮው ትንሽ አልበዛም?»

ሲስተር አማል ዛሬ ለበሽተኛ አትደውልም። አንዱን በሽተኛ ለሌላው አስታማሚ አድርጋ መዝግባ፣ የምትደውለው ለአስታማሚው ነው። «ነገ መሐመድን የምታመጣው አንተ ነህ፤ ብቻውን ነው» ስትለው፣ ሰውየው ሥራም ማዳምም አያግደውም። መሐመድም ሌላውን ለማምጣት ተራው ሲደርስ እንዲሁ ነው። ሙዲሩ ዘዴው የሱ መሆኑን ለሰው ሁሉ ያወራል፤ እኔ ምንጩን ስለማውቅ እስቃለሁ።

የኔ ስልክም አረፈ። ጸጥታው እንግዳ ሆኖብኝ አልፎ አልፎ የሚሠራ መሆኑን አያለሁ። ትናንት ጠዋት ጢሜን ስላጭ ግን ጮኸ። ሲስተር አማል መስላኝ ነበር።

«ወንድሜ!» አሉ እትዬ ሙሚና፤ ከፋሻው ቀን ወዲህ እንደዚያ ነው የሚሉኝ። «ያ የቀረው መጥፎ ጥርስህ ሰኞ ይነቀላል ተብሏል። አስታማሚህ እኔ ነኝ፤ ሲስተር ደውላልኛለች። እንዳትቀር።»

«ለአንድ ጥርስ ከመካ ድረስ አይድከሙ እትዬ፤ እኔ ራሴ እሄዳለሁ።»

«ብቻህን አትገባም። እንመጣለን፣ ኢንሻአላህ» አሉና ዘጉት።

አጭርና ቆረጥ ያለ ነበር። ከበስተኋላው የሚኒባስ ጥሩምባ ይሰማል።